የተከታታይ ድራማ አፍቃሪው ለምን ተቆጣ?

ዲሴምበር 31 ቀን 2025 የኔትፍሊክሱ «ስትሬንጀር ቲንግስ» የመጨረሻ ክፍሉን ለተመልካች አቀረበ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በቀጣዮቹ ቀናት በማኅበራዊ ሚዲያ የተነሣው ክርክር ግን ፍጻሜው አማረ ወይስ አላማረም በሚለው ላይ ብቻ አልቆመም። በርካታ አፍቃሪዎች የታየው ፍጻሜ እውነተኛው አይደለም፣ አምስተኛው ምዕራፍ ስምንት ክፍል ነው ቢባልም የተደበቀ ዘጠነኛ ክፍል አለ፣ እሱም በቅርቡ ይለቀቃል ብለው አመኑ። ማስረጃ ይሆነናል ያሉትን ሁሉ፣ የገጸ ባሕርያቱን የልብስ ቀለምና የእጅ አያያዝ ሳይቀር፣ አንድ በአንድ እየለቀሙ አቀረቡ። ዘጠነኛ ክፍል ግን አልነበረም፤ አልመጣምም።

ይህን የጥቂት ወጣቶች ቅዠት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን ተመሳሳይ ነገር ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎም ታይቷል። በጃንዋሪ 2017 የቢቢሲው «ሸርሎክ» አራተኛ ምዕራፉን በሦስተኛ ክፍሉ ሲዘጋ፣ በፍጻሜው ያዘኑ ተመልካቾች ድብቅ አራተኛ ክፍል እንዳለ ራሳቸውን አሳምነው ነበር፤ በሳምንቱ በዚያው ጣቢያ የጀመረውን ሌላ ድራማ እንኳ የ«ሸርሎክ» ክፍል በሌላ ስም ተሸፍኖ የመጣ መስሏቸው ተቀምጠው ጠበቁት። ሁለቱ ድራማዎች በአገርም፣ በዘውግም፣ በተመልካቾቻቸው ዕድሜም አይመሳሰሉም። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር የአፍቃሪዎቻቸው አኗኗር ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ለረጅም ዓመታት ጠብቀው ያገኙት ጥቂት ነው። «ሸርሎክ» ከ2010 እስከ 2017 ባሉት ሰባት ዓመታት፣ ልዩ ክፍሉን ጨምሮ፣ ያቀረበው 13 ክፍሎችን ብቻ ነበር።

በእኔ እምነት የዛሬው ተመልካች በፍጻሜ ላይ የሚያሳየው ቁጣ፣ አዲስ ድራማ ለመጀመር የሚያሳየው ማመንታት፣ ወደ አሮጌ ድራማዎች መመለሱም ጭምር የሚመነጩት ከአንድ ቦታ ነው። ተከታታይ ድራማ ተመልካቹን የሚይዘው በታሪኩ ብቻ ሳይሆን ከገጸ ባሕርያቱ ጋር አብሮ በሚያሳልፈው ጊዜ ነው፤ ባለፉት አሥር ዓመታትም የድራማው ገበያ ከምንም በላይ የወሰደበት ይህንኑ ጊዜ ነው። ቁጣው በስተ ውጭ ሲታይ ስለ ሴራው ይመስላል፤ ውስጡ ሲታይ ግን ስለ ጊዜ ነው።

«ስትሬንጀር ቲንግስ»ን ቀረብ ብለን እንመልከተው። የመጀመሪያው ምዕራፍ የቀረበው በጁላይ 2016 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ዋናዋ ተዋናይት ሚሊ ቦቢ ብራውን የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። ፍጻሜው ሲታይ 21 ዓመቷ ነበር፤ ትዳርም መሥርታ ነበር። ታሪኩ ግን፣ የፍጻሜውን መቋጫ ካልቆጠርን፣ የሚሸፍነው ከ1983 መጨረሻ እስከ 1987 መጨረሻ ያሉትን አራት ዓመታት ብቻ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ምዕራፍ መካከል ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው፤ በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ደግሞ ከሦስት ዓመት በላይ አለፈ። ለዚህ የኮሮና ወረርሽኙም በ2023 የአሜሪካ ደራሲዎችና ተዋናዮች ያደረጉት የሥራ ማቆም አድማም ድርሻ እንዳላቸው አይካድም። ቢሆንም ጠቅላላ የክፍሎቹ ቁጥር 42 ነው፤ ይህም የቀድሞ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ በሁለት ዓመት ውስጥ ያቀርበው ከነበረው አይበልጥም። በ13 ዓመቱ ማየት የጀመረ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ሊይዝ ሲል ነው ፍጻሜውን ያየው። እንዲህ ያለ ተመልካች በመካከሉ ባሉት ባዶ ዓመታት ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ የተተወለትን ክፍተት በራሱ መላምት፣ በራሱ ሥዕልና በራሱ ታሪክ ሲሞላው ኖሯል። የደራሲዎቹ ፍጻሜ ሲመጣ መወዳደር ያለበት ከሌላ ድራማ ጋር ሳይሆን እያንዳንዱ ተመልካች ለዓመታት በልቡ ከጻፈው ፍጻሜ ጋር ነው። ድብቅ ክፍል አለ የሚለው እምነትም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። አፍቃሪው የሚጠብቀው አንድ ተጨማሪ ክፍል አልነበረም፤ የጻፈው ታሪክ በከንቱ እንዳልቀረ የሚነግረው ሰው ነበር።

ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ የሚለውን ለመረዳት ከፈጠራው ይልቅ ገንዘቡን መከተል ይበጃል። በአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ዘመን አንድ ድራማ በአብዛኛው ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ ባለው ጊዜ 22 ገደማ ክፍሎች ይኖሩት ነበር። የጣቢያው ገቢ ማስታወቂያ በመሆኑ እያንዳንዱ ተጨማሪ ክፍል የሚሸጥ ተጨማሪ የማስታወቂያ ጊዜ ነበር። ከዚህም በላይ አንድ ድራማ ወደ 100 ክፍል ሲጠጋ ለሌሎች ጣቢያዎች በድጋሚ ለማሳየት ይሸጥ ስለነበር ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ከረጅም ዕድሜ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ተመልካች ያላገኘ ድራማም አንዳንድ ጊዜ ይታገሡት ነበር። ይህ ሥርዓት የራሱ በደል ነበረው፤ 22 ክፍል ለመሙላት ሲባል የሚጻፉ ለታሪኩ ምንም የማይጨምሩ ክፍሎች ብዙ ነበሩ፤ ተዋናዮችና ሠራተኞችም በዓመት ዘጠኝ ወርና አሥር ወር ያለ እረፍት ይሠሩ ነበር። ነገር ግን እነዚያ ትርፍ የሚመስሉ ክፍሎች አንድ የማይታይ ሥራ ይሠሩ ነበር። አንድ ገጸ ባሕርይ ዓለምን ከማዳን ሥራው ውጭ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የምናውቀው በእነሱ ነበር፤ አንድ ሰው ሲሞት የምናለቅሰውም ከዚያ በፊት ምንም ትልቅ ነገር ሳይሆን አብረነው ስለቆየን ነበር።

የስትሪሚንግ፣ ማለትም ድራማን በኢንተርኔት የማሳየት፣ አገልግሎት ሒሳብ ከዚህ ይለያል። ኔትፍሊክስ በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2013 የ«ሃውስ ኦቭ ካርድስ»ን የመጀመሪያ ምዕራፍ 13 ክፍሎች በአንድ ቀን ሲለቅ የሸጠው ማስታወቂያ አልነበረም፤ የፈለገው ወርኃዊ ክፍያ የሚከፍል ደንበኛን ነበር። ደንበኛን ከሁሉ በላይ የሚስበው ደግሞ አዲስ ነገር ነው። አንድ ድራማ ሦስተኛና አራተኛ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ የተዋናዮችና የፈጣሪዎች ክፍያ እየጨመረ ይሄዳል፤ የሚያመጣው አዲስ ደንበኛ ግን እየቀነሰ ይሄዳል። መለኪያውም ተለወጠ፤ ስንት ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀመረው፣ ከጀመሩት ውስጥስ ስንቱ እስከ መጨረሻው አየው የሚሉት ጥያቄዎች የድራማውን ዕጣ የሚወስኑ ሆኑ። ኔትፍሊክስ ተወዳጅ ሥራዎቹን የሚያወዳድርበትን ጊዜ ከ28 ቀን ወደ 91 ቀን ያራዘመው በ2023 ነው። ሦስት ወር ለአንድ ታሪክ ስም ማግኛ አጭር ጊዜ ነው። «ብሬኪንግ ባድ» በጃንዋሪ 2008 ሲጀምር የመጀመሪያ ክፍሉን በአሜሪካ ያየው ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ያነሰ ሰው ነበር፤ በሴፕቴምበር 2013 የመጨረሻ ክፍሉን ያየው ደግሞ ከ10 ሚሊዮን በላይ። በዚያ እድገት ውስጥ የቀደሙትን ምዕራፎች በኔትፍሊክስ የማየት ዕድል ትልቅ ድርሻ እንደነበረው የድራማው ፈጣሪ ቪንስ ጊሊጋን ራሱ ተናግሯል። ስትሪሚንግ ድራማን ሊያሳድግ እንደሚችል የሚያሳይ ምስክር ነው፤ ግን ያሳደገው ሌላ ጣቢያ ለአምስት ምዕራፍ የታገሠውን ድራማ ነው።

የክፍሎች ቁጥር ወደ አሥር፣ ከዚያም ወደ ስምንትና ስድስት ሲወርድ የደራሲዎች ሥራም ተለወጠ። በቀድሞው ሥርዓት ደራሲዎች ቀረጻው እየተካሄደ ይጽፉ ስለነበር፣ ትንሽ ሚና የተሰጣት ተዋናይት ችሎታ ሲታይ ሚናዋ እንዲሰፋ፣ የማያስኬድ የታሪክ መስመር ደግሞ እንዲቀር ማድረግ ይችሉ ነበር። በአዲሱ ሥርዓት ጥቂት ጸሐፊዎች ለጥቂት ሳምንታት ተሰብስበው ሁሉንም ጽፈው ይበተናሉ፤ ከዚያ ቀረጻው ይጀምራል። የአሜሪካ ደራሲዎች ማኅበር ከሜይ 2 ቀን 2023 ጀምሮ ለ148 ቀናት ባደረገው የሥራ ማቆም አድማ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር። በመጨረሻም እንደ ክፍሎቹ ብዛት መቀጠር ያለባቸው ደራሲዎች ዝቅተኛ ቁጥር በስምምነቱ ውስጥ ገባ። ተዋናዮቹም በዚያው ዓመት ለ118 ቀናት ሥራ አቁመዋል። በዚያ ወቅት ብዙ አፍቃሪዎች የሚወዱት ድራማ እንደሚዘገይ እያወቁ ከአድማ አድራጊዎቹ ጎን መቆማቸው በቂ ትኩረት ያገኘ አይመስለኝም። ተመልካቹ ምዕራፉ ለምን ሳሳ የሚለውን ጥያቄ ደራሲው ለምን ከሥራው ተነጠለ ከሚለው ጋር አያይዞ ተረድቶት ነበር።

ሁሉንም ክፍል በአንድ ቀን መልቀቅ በራሱ ክፉ ነው ብዬ አልከራከርም። በሴፕቴምበር 2021 የተለቀቀው የደቡብ ኮሪያው «ስኩዊድ ጌም» ዘጠኝ ክፍሎቹ በአንድ ጊዜ ቀርበው በ28 ቀናት ውስጥ 1.65 ቢሊዮን ሰዓት ታይተዋል። ከእንግሊዝኛ ውጭ በሌላ ቋንቋ የተሠራ ድራማ በዚህ ፍጥነት መላውን ዓለም ያነጋገረበት ጊዜ ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ይህንንም ያስቻለው ስትሪሚንግ ነው። ሆኖም በጅምላ የተለቀቀ ድራማ ወሬው እንደ አጀማመሩ ይቀዘቅዛል። አንዱ በአንድ ሌሊት ጨርሶታል፣ ሌላው ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው፣ ሌላው አልጀመረውም፤ ሦስቱ ሲገናኙ ስለ ድራማው ለመነጋገር መጀመሪያ የት ደረስክ፣ የት ደረሽ መባባል ይኖርባቸዋል፤ ስፖይለር፣ ማለትም ያላዩትን ታሪክ አስቀድሞ የሚያጋልጥ ወሬ፣ ፈርተውም ብዙ ጊዜ ወሬውን ይተዉታል። በየሳምንቱ የሚቀርብ ድራማ ግን ሰባት ቀን ሙሉ ሁሉም እኩል የሚያውቀው፣ ሁሉም እኩል የማያውቀው ነገር አለው። ግምት የሚጣፍጠው፣ ክርክርም የሚደምቀው በዚያ እኩልነት ውስጥ ነው።

ጊዜ ማጣት በታሪክ ላይ ምን እንደሚያደርስ ለማየት ከ«ጌም ኦቭ ትሮንስ» የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ከ2011 ጀምሮ ስድስቱ ምዕራፎች እያንዳንዳቸው አሥር ክፍል ነበራቸው፤ ሰባተኛው ሰባት፣ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ተጠብቆ የመጣው ስምንተኛው ደግሞ ስድስት ብቻ። በሜይ 2019 ምዕራፉ ገና እየቀረበ ሳለ እንደገና ይሠራልን የሚል የፊርማ ማሰባሰቢያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፈራሚዎችን አገኘ። ጥያቄው የማይሆን ነበር፤ ፈራሚዎቹም ያንን ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ። ቅሬታው ግን ትክክል ነበር። ከዋነኞቹ ገጸ ባሕርያት አንዷ የሆነችው ዴነሪስ ታርጋሪየን ከነጻ አውጪነት ወደ ጨፍጫፊነት መለወጧ በራሱ መጥፎ ሐሳብ አልነበረም፤ ፍንጮቹም ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ጀምሮ ነበሩ፤ አይቶ የሚከታተል ሰው ሊጠረጥረው የሚችል ነገር ነበር። የጎደለው ለውጡ በዓይናችን ፊት የሚሆንበት ጊዜ ነው። ቀድሞ አንድ ገጸ ባሕርይ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ለመድረስ ግማሽ ምዕራፍ ይወስድበት ነበር፤ በዚያ መንገድ ላይ በሚደረገው ጭውውት ሰውየውን እናውቀው ነበር። በመጨረሻው ምዕራፍ ጦር ሁሉ በአንድ ትዕይንት ይደርሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ደርሷል፤ የስምንት ዓመት ሥራ በስድስት ሳምንት ተቻኩሎ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህም ስለዚያ ድራማ የሚያወራ ሰው ንግግሩን የሚጀምረው ከፍጻሜው ነው።

እዚህ ላይ ተመልካቹ አንድ ነገር ተማረ፤ የተማረው ነገር ግን ራሱን የሚጎዳ ሆነ። አዲስ ድራማ ሲመጣ ልቡን መስጠት ፈራ። ሁለተኛ ምዕራፍ መኖሩ ሳይረጋገጥ አልጀምርም፣ ሙሉ በሙሉ እስኪጠናቀቅ እቆያለሁ የሚለው ሰው እየበዛ ነው። ውሳኔው ምክንያታዊ ነው፤ በመሃል ተቋርጦ የሚቀር ታሪክ ያማልና። ነገር ግን የአገልግሎቶቹ መለኪያ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመሆናቸው የሚጠብቀው ተመልካች በሒሳቡ ውስጥ የለም፤ እሱ ስለሌለ ድራማው ይሰረዛል፤ ስለተሰረዘም ተመልካቹ በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ይጠብቃል። የ«ዊል ኦቭ ታይም» አፍቃሪዎች በ2025 የደረሰባቸውን እዚህ ላይ መጥቀስ ተገቢ ነው። ብዙዎች ከቀደሙት ሁለቱ የተሻለ ነው ያሉት ሦስተኛው ምዕራፍ በኤፕሪል ተጠናቀቀ፤ አማዞን በሜይ ድራማውን አቋረጠው። የተመሠረተበት ተከታታይ ልብ ወለድ 14 ዋና ቅጾች ያሉት ነው፤ ድራማው ከግማሹም አልደረሰም ነበር።

ከመሰረዝም የከፋ አለ። «ዊሎው» የተባለው የዲዝኒ ፕላስ ድራማ በኖቬምበር 2022 መጨረሻ ጀምሮ በሜይ 2023 ከአገልግሎቱ ላይ ተነሣ፤ ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጥፋቱ ስድስት ወር እንኳ አልሞላም። ዲዝኒ በዚያ ወቅት በርካታ ሥራዎችን ሲያነሣ 1.5 ቢሊዮን ዶላር በኪሳራነት መዝግቧል። ለኩባንያው የሒሳብ መዝገብ ውሳኔ ነው፤ ለሠሩት ሰዎች የዓመታት ድካም መሰወር ነው፤ ለአፍቃሪው ደግሞ የሚወደውን ነገር ለሌላ ሰው ማሳየት አለመቻል ነው። ኤችቢኦም በ2022 መጨረሻ «ዌስትወርልድ»ን ከአራተኛ ምዕራፉ በኋላ አቋርጦ፣ ብዙም ሳይቆይ ከራሱ አገልግሎት አንሥቶታል።

ተመልካቹ ታዲያ ወዴት ሄደ? በ2023 በአሜሪካ በስትሪሚንግ ከሁሉ በላይ የታየው ድራማ፣ የተመልካችን ብዛት በሚለካው በኒልሰን ኩባንያ መለኪያ 57.7 ቢሊዮን ደቂቃ የታየው «ሱትስ» ነው። ይህ ድራማ ከ2011 እስከ 2019 ለዘጠኝ ምዕራፍ የቀረበ፣ 134 ክፍሎች ያሉት፣ ከአራት ዓመት በፊት ያለቀ የጠበቆች ታሪክ ነበር። ስለ «ሱትስ» ድንገተኛ ዝና ብዙ ተብሏል፤ ከዋነኞቹ ተዋናዮች አንዷ በኋላ የእንግሊዙን ልዑል ሃሪን ያገባችው ሜጋን ማርክል መሆኗም ረድቶት ይሆናል። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ቀላል ይመስለኛል። ብዙ ነው፣ አልቋል፣ በመሃል አይቋረጥም። ተመልካቹ ያጣውን ነገር ያለበት ቦታ ሄዶ አገኘው።

አፍቃሪዎች ተቃውመው ያስመለሷቸው ድራማዎች መኖራቸውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በ1967 እና 1968 የደብዳቤ ዘመቻ «ስታር ትሬክ»ን ለሦስተኛ ምዕራፍ አብቅቶታል፤ ድራማው በ1969 ቢቋረጥም በሦስቱ ምዕራፎች የተከማቹት 79 ክፍሎች በየጣቢያው እየተደጋገሙ ለመታየት በቅተው ነበር፤ ዛሬ የምናውቀው የ«ስታር ትሬክ» ፍቅርም በአብዛኛው ያደገው በእነዚያ ድግግሞሾች ነው። በ2018 «ዘ ኤክስፓንስ» ሲሰረዝ አፍቃሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተው በአማዞን ዋና መሥሪያ ቤት ላይ ድራማውን አድኑልን የሚል ጽሑፍ የሚጎትት አውሮፕላን አበረሩ፤ አማዞንም ወስዶት እስከ ስድስተኛ ምዕራፍ አደረሰው። «ሴንስ8» በ2017 ከተሰረዘ በኋላ ከተመልካቾች በመጣው ጫና ኔትፍሊክስ በጁን 2018 የሁለት ሰዓት ተኩል መዝጊያ ሠራለት። በእነዚህ ዘመቻዎች ውስጥ ቁጣው አቅጣጫ ነበረው፤ የሚወስኑትን ሰዎች እንጂ የሚሠሩትን አልነካም።

ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም፤ ይህንንም ሳይሸፋፍኑ መናገር ያስፈልጋል። አና ገን በ«ብሬኪንግ ባድ» የዋናውን ገጸ ባሕርይ ሚስት ስካይለርን ስትጫወት የደረሰባትን ጥላቻ በኦገስት 2013 በኒውዮርክ ታይምስ ላይ ጽፋለች፤ በገጸ ባሕርይዋ ላይ የተጀመረው ጥላቻ ወደ ራሷ ተሻግሮ ለደኅንነቷ እስከ መስጋት አድርሷት ነበር። ያ ድራማ በሚገባ የተጻፈ፣ ጊዜ የተሰጠው፣ በአግባቡም የተጠናቀቀ ነበር። ስለዚህ የተዋናይን ክብር የሚነካ ተመልካች በድራማው መዘግየትም ሆነ በፍጻሜው ማነስ ሊያመካኝ አይችልም። ጽሑፉ ካስቆጣው ጽሑፉን ይተች፤ የተሰጠውን ሚና በሚገባ የተጫወተ ሰው የሚጠየቅበት ነገር የለም።

መልካሙ ዜና ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳዩ ሥራዎች በቅርቡ መምጣታቸው ነው። «ዘ ፒት» በጃንዋሪ 2025 ሲጀምር በፒትስበርግ በሚገኝ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ውስጥ የአንድ ቀን የሥራ ፈረቃን በ15 ክፍሎች፣ አንዱን ሰዓት በአንድ ክፍል እያደረገ አሳየን። ክፍሎቹ በየሳምንቱ ነበር የሚቀርቡት። አንድ ታካሚ በሦስተኛው ክፍል ገብቶ በዘጠነኛው ገና አልጋ እየጠበቀ ሲታይ ተመልካቹ ያንን ሰው ከአንድ ወር በላይ አስቦታል፤ የሐኪሞቹ ድካምም በየሳምንቱ ፊታቸው ላይ ሲጨምር እናያለን። አብዛኛው ታሪክ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ስለሚካሄድ ወጪው የተመጠነ ነው፤ ለአንድ ክፍል ከ4 እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ ተዘግቧል፤ ይህም ከዘመኑ ታላላቅ ድራማዎች ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። በሴፕቴምበር 2025 የኤሚ ሽልማትን በምርጥ ድራማነት ወሰደ፤ ኖኣ ዋይሊም በምርጥ ተዋናይነት ተሸለመ። ከሽልማቱ ይልቅ እኔን ያስደሰተኝ ሁለተኛው ምዕራፍ በጃንዋሪ 2026፣ ልክ በዓመቱ፣ መመለሱ ነው። ስለ ገጸ ባሕርያቱ የምናወራው ገና ሳይቀዘቅዝ መጡ፤ ያለፈውን ለማስታወስ የማጠቃለያ ቪዲዮ መፈለግ አላስፈለገንም። የአፕል ቲቪው «ሰቨረንስ» በተቃራኒው ሁለተኛ ምዕራፉን ያመጣው የመጀመሪያው ከተጀመረ ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲል ነው፤ እጅግ የምወደው ድራማ ቢሆንም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ያሳለፍኩት ማን ምን አድርጎ እንደነበር ለማስታወስ በመሞከር ነበር።

ከ«ስታር ዋርስ» ዓለም የተወሰደው «አንዶር» ደግሞ በሌላ መንገድ አስተማሪ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ በኤፕሪልና በሜይ 2025 በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ክፍል እየሆነ ለአራት ሳምንት ቀረበ፤ እያንዳንዱ ሦስት ክፍልም ከታሪኩ ዓመታት አንዱን ይዞ ነበር። ፈጣሪው ቶኒ ጊልሮይ መጀመሪያ ያሰቡት አምስት ምዕራፍ እንደነበር፣ ያ እንደማይቻል ሲታይ ግን የቀሩትን ዓመታት ወደ አንድ ምዕራፍ እንደሰበሰቧቸው ተናግሯል። ማሳጠር ነበር፤ ነገር ግን ቀድሞ የታሰበበት፣ ለተመልካቹም በግልጽ የተነገረ ማሳጠር ነበር። ከሁሉ የሚገርመው ዋናው ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚሆን በ2016 በወጣው «ሮግ ዋን» በተባለው ፊልም ምክንያት ሁሉም ተመልካች አስቀድሞ ማወቁ ነው። ፍጻሜውን የሚያውቀው ተመልካች አልተቆጣም፤ እንዲያውም የአፍቃሪዎችን ልብ ከሞሉት የቅርብ ዓመታት ፍጻሜዎች አንዱ ሆኗል። ተመልካች የሚፈልገው መደነቅን ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ አይሠራም።

ከኩባንያዎቹ የምጠብቀው 22 ክፍል ይመለስ የሚል አይደለም፤ ያ ዘመን ከነበረው የሥራ ጫና ጋር ባይመለስ ይሻላል። የምጠብቀው ግልጽነት ነው፤ ምሳሌውም አለ። በሜይ 2007 «ሎስት» በሦስተኛ ምዕራፉ አቅጣጫ የጠፋው በመሰለበት ጊዜ ጣቢያው ድራማው ከ48 ክፍሎች በኋላ በ2010 እንደሚያልቅ አስታወቀ። ደራሲዎቹ የት እንደሚያቆሙ ስላወቁ ታሪኩ መልክ ያዘ፤ ተመልካቹም የቀረውን መንገድ ስላወቀ ተመለሰ። የፍጻሜው ክፍል እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ድራማው ግን በሜዳ ላይ አልተጣለም። «ሰክሴሽን» በ2023 ተመሳሳይ ነገር አድርጓል፤ አራተኛው ምዕራፍ የመጨረሻው መሆኑ የታወቀው ከመጀመሩ በፊት ነበር፤ እኛም እያንዳንዱን ሳምንት ከሚቀሩት ጋር እያሰብን አየነው። አንድ አገልግሎት አዲስ ድራማ ሲያስተዋውቅ ስንት ምዕራፍ እንደታሰበለትና ስንቱ ገንዘቡ እንደተመደበለት መናገር ይችላል። መቀጠል የማይችለውን ደግሞ «ሴንስ8» ባገኘው ዓይነት አንድ ረጅም መዝጊያ ሊቋጨው ይችላል፤ ወጪው ከአንድ ሙሉ ምዕራፍ ያነሰ ነው፤ ከዚያ በኋላም ድራማው ማንም ሰው ሳይፈራ ሊጀምረው የሚችል ሥራ ሆኖ በመዝገቡ ላይ ይቆያል።